ኮኔክተር በሌለው ቦርድ ላይ ፕሮግራም መጫን

ጥያቄ፦ ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚሆኑ 12 የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርዶች አሠርቼ ነበር። ኤቲሜጋ328ፒ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ ተበይዶባቸው ነው የመጡት፤ የፕሮግራም መጫኛ ኮኔክተር ግን ንድፉ ላይ ረስቻለሁ። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለውን የመለማመጃ ቦርድ እንደ ፕሮግራም መጫኛ ተጠቅሜ ሞክሬ ቺፑ መልስ አልሰጠም። ነቅዬ ልጫነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይንቀሉት፤ እግሩ ከነመስመሩ ሊነሳ ይችላል። ቦርዱ ከ220 ቮልት ጋር የሚያያዝ ከሆነ ግን ከምንም በፊት ከሶኬት ይንቀሉት። ቺፑ 5 ቮልቱን ከኡኖው ብቻ ያግኝ።

ቺፑ ዝም ያለው በፒን ቁጥር ስህተት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሥዕል የባለ 28 እግሩ ነው፤ በአራቱም ጎን ስምንት ስምንት እግር ላለው ለእርስዎ ቺፕ አይሠራም። ቺፑ ላይ ያለችውን የመጀመሪያ እግር ምልክት ነጥብ ወደ ግራ ላይኛው ጥግ ያዙሩና ከዚያ ቁልቁል ከ1 ጀምረው ይቁጠሩ። ሞሲ (ዳታ ወደ ቺፑ የሚገባበት፣ ቁጥር 15) እና ሚሶ (ዳታ የሚወጣበት፣ 16) ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጥጉን እንደዞሩ ኤስሲኬ (የዳታውን ምት የሚሰጠው፣ 17) አለ። ሪሴት (ቺፑን እንደገና የሚያስነሳው፣ 29) ከላይኛው ጎን ከቀኝ አምስተኛው ነው። ግራውንድ (3) እና 5 ቮልት (4) ጎረቤት ስለሆኑ እዚያ አይበይዱ፤ ከቺፑ አጠገብ ካለው ካፓሲተር ጫፎች ይውሰዱ።

በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.8 ሚሊሜትር ነው። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የወጣ 0.2 ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል። ቫርኒሹን ጫፉ ላይ ይፋቁ፣ ሊድ ያስይዙት፣ እግሩ ላይ ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) አድርገው በካውያ አንዴ ብቻ ይንኩ። ሽቦውን ወዲያው በቴፕ ቦርዱ ላይ ያጣብቁት፤ ሲጎተት የሚጎዳው እግሩ ነውና። ከ15 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ከኡኖው 10 ወደ ሪሴት፣ 11 ወደ ሞሲ፣ 12 ወደ ሚሶ፣ 13 ወደ ኤስሲኬ ይሄዳል። የአይኤስፒውን ፕሮግራም (ኡኖውን የሌላ ቺፕ ፕሮግራም መጫኛ የሚያደርገውን) ኡኖው ላይ ከጫኑ በኋላ፣ በራሱ በኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ፤ ፖዘቲቩ ወደ ሪሴት። ያለዚያ ኮምፒውተሩ ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖው እንደገና ይነሳል።

ትክክለኛው የቺፑ መለያ 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። ዜሮ ብቻ ከመጣ ሚሶና ሪሴትን በቴስተር ይፈትሹ። ሌላ ፕሮግራመር ከተጠቀሙ ፍጥነቱን ይቀንሱ፦ አዲስ ቺፕ በ1 ሜጋኸርትዝ ስለሚሠራ ኤስሲኬ ከ250 ኪሎኸርትዝ በታች መሆን አለበት።

ሪሴትን የሚያጠፋውን ፊውዝ (ቺፑ ውስጥ የሚጻፍ ቅንብር) በፍጹም አይንኩ። እሱ አንዴ ከተጻፈ በእነዚህ ሽቦዎች መመለስ አይቻልም፤ 12 ቮልት የሚሰጥ ፕሮግራመር ያስፈልጋል።