መልስ፦ የድሬዳዋ ዋሻዎችና የባቢሌ ቋጥኞች

«ከድሬዳዋ ተነስቼ በሁለት ቀን የኖራ ድንጋይ ዋሻዎቹንና የባቢሌን ቋጥኞች ማየት እችላለሁ ወይ? ድንጋዩስ አንድ ዓይነት ነው?» ብለው ለጠየቁት፣ ጊዜው ይበቃዎታል፤ ድንጋዩ ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ከከተማው በስተደቡብ ያሉት ኮረብታዎች ዳይኖሰሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አላቸው፤ የዝናብ ውኃ ስንጥቁን እየተከተለ ድንጋዩን ስለሚያሟሟው ዋሻ ይበዛባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከደቻቱ አሸዋ (ዝናብ ሲጥል ብቻ ውኃ የሚወርድበት የወንዝ ወለል) 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው ፖርክ ኤፒክ (ጃርት ማለት ነው) ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በተካሄደ ቁፋሮ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች ወጥተውበታል። በማለዳ ይውጡ፤ ረፋዱ ካለፈ ነጩ ድንጋይ ሙቀቱን መልሶ ፊትዎ ላይ ይተፋዋል፣ ጫማዎም ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። በክረምት ግን ሰማዩ ጠርቷል ብለው አሸዋው ላይ አይዘግዩ፤ በ1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ ከደጋው በሌሊት የወረደ ነበር።

በማግስቱ በሐረር በኩል የጅጅጋን መንገድ ይያዙ። ባቢሌን ሲያልፉ በዳካታ ሸለቆ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ፣ ከግራሩና ከቁልቋሉ መካከል አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ የሚያዩት ቋጥኝ ግራናይት ነው፤ ውኃ አያሟሟውም፣ እየተፈረካከሰና እየተሸረሸረ ነው እንዲህ የቀረው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተከለለውን የዝሆን መጠለያ በዚሁ ጉዞ ባይደርቡት ይሻላል፤ ዝሆን በእግረ መንገድ አይገኝም። የባቢሌን ኦቾሎኒ ግን ሳይገዙ አይመለሱ።