ቁጥሩን ከመጨመራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ እንዳየው የላከልኝን ኮድ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። ፍተሻው (ሌላው ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚፈትነው ኮድ) አንድ ትሬድ፣ ማለትም ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር፣ ያስነሳል፣ 200 ሚሊሰከንድ ይተኛል፣ ከዚያ ነቅቶ ውጤቱን ያያል። ሳቄ መጣ፤ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጽፌ ነበር።

የእኔው ፍተሻ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ሌሊት ሌሊት በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ግን አልፎ አልፎ ይወድቃል። 200ውን 500 አደረግሁት፤ ሁለት ሳምንት ሰላም አገኘሁ። ተመልሶ ሲወድቅ 2 ሰከንድ አደረግሁት። ውድቀቱን አራቅሁት እንጂ አላዳንኩትም። በዚያ ላይ ሥራው በ3 ሚሊሰከንድ ባለቀ ቀን እንኳ ፍተሻው 2 ሰከንዱን ሞልቶ ይተኛ ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለአንድ ትሬድ ተራው መቼ እንደሚደርሰው ቃል አይገባም፤ ሰርቨሩ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ የእናንተ ትሬድ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የሥራውን ማለቅ ጠብቁ። ጃቫ ለዚህ የሚሆን ካውንትዳውንላች የሚባል መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለው፤ ሠራተኛው ትሬድ ሲጨርስ ቆጣሪውን ይቀንሳል፣ ፍተሻው ያኔውኑ ይነቃል። ፍተሻው ቢበዛ የሚጠብቅበትን የጊዜ ገደብ 30 ሰከንድ ለማድረግ አትሳሱ፤ ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ቀን ከዚያ ውስጥ አንዷንም ሰከንድ አትከፍሉም።

እዚህ ላይ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። የመጠበቂያው ትእዛዝ ሥራው ካለቀ «እውነት»፣ ገደቡ ካለፈ «ሐሰት» ይመልሳል። እኔ የመለሰውን ሳላይ አለፍኩ። ሠራተኛው ትሬድ ገና ሲጀምር በስሕተት ይሞት ነበር፤ በሌላ ትሬድ ላይ የተከሰተ ስሕተት ደግሞ ፍተሻውን በራሱ አይጥለውም። ፍተሻዬ ቀጥሎ የሚያየው የተበላሸ መዝገብ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነበር። ምንም ስላልተሠራ ምንም አልተበላሸም! ለወራት አረንጓዴ ሆኖ፣ ማለትም «አልፏል» እያለ ቆየ። ያጋለጠው የወሰደው ጊዜ ነው፤ በየሌሊቱ 10 ሰከንድ ከጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ልክ ያኔ የሰጠሁትን ገደብ ያህል። እውነተኛ ሥራ እንዲህ በልክ አያልቅም።

ገደቡ ሲያልፍ «ጊዜ አለቀ» ብሎ ዝም የሚል ፍተሻም ያናድደኛል። በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ትሬድ የት ቆሞ እንደነበር ይጻፍ። የጎ ቋንቋ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ሌላ ካልተነገረው 10 ደቂቃ ይጠብቅና የሚሠሩት ጎሩቲኖች (የጎ ቀላል ትሬዶች) ሁሉ የት እንደደረሱ አትሞ ያቆማል። በጃቫ ትሬዶች የት እንደቆሙ የሚያሳይ ጄስታክ የሚባል መሣሪያ አለላችሁ፤ ሁለት ትሬዶች እያንዳንዱ ሌላው የሚጠብቀውን ቁልፍ ይዘው ሲፋጠጡ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የጃቫ ፍተሻ በሚጻፍበት በጄዩኒት 5 ውስጥ ያለው «አሰርት ታይምአውት» ደግሞ ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ኮዱ እስኪጨርስ ጠብቆ ነው መዘግየቱን የሚናገረው፣ የማያልቅ ኮድ ከገጠመው አብሮ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«ይህ ነገር ፈጽሞ አይከሰትም» የሚል ፍተሻ ላይ ጥቂት ጠብቆ ማየት ግድ ይሆናል። ያኔም ማረጋገጫ አገኘሁ አትበሉ፤ መጠበቅ ካቆማችሁ በኋላ ሊከሰት ይችላልና።

ወደ ላካችሁልኝ መስመር ልመለስ። አላስተካከልኩትም። መጠበቂያውን ራሳችሁ ቀይሩ፤ ከዚያ ሠራተኛው ትሬድ ሆን ተብሎ ፈጽሞ እንዳይጨርስ አድርጋችሁ ፍተሻውን አሂዱት። ቀይ ይሆናል? ቀይ ሲሆንስ የትኛው ትሬድ የት ላይ እንደቆመ ይነግራችኋል? ያወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።