በደጋን ማደን፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በደጋን ስለ ማደንና ስለ ኢላማ ልምምድ ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ ስለ አደን የምጽፈው ፈቃድ ይዞ ለሚያድን ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ደጋን አያያዝ የምጽፈው ግን እዚሁ ጅማ ጭድ በተጠቀጠቀ ጆንያ ላይ ለሚለማመድም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልምምድ ልጀምር ነው፤ ጠንካራ ደጋን ብገዛ ቶሎ እሻሻላለሁ?

መልስ፦ አትሻሻልም ወንድሜ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ከአቅሙ በላይ የሆነ ደጋን ነው፤ ክንድህ እየተንቀጠቀጠ የተለማመድከው ስሕተት ልማድ ሆኖ ይቀርብሃል። ለመሳብ ከ9 እስከ 11 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋን ለመነሻ ይበቃል። የመሳቢያ ርዝመትህን ለማወቅ ሁለት እጅህን ዘርግተህ ከአንዱ የመሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው አስለካና ለ2.5 አካፍለው፤ የተለካው 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 68 ያህል ይመጣል። ከዚያም ከጆንያው ሦስት ሜትር ያህል ርቀህ ቁም፣ አውታሩን ስትስብ ሌባ ጣትህ ሁልጊዜ የከንፈርህን ጥግ መንካቱን አረጋግጥ፣ ዓይንህንም ጨፍነህ ልቀቅ። ኢላማ ሳይኖር የሚደረገው ይህ ልምምድ አሰልቺ ቢመስልም፣ ጣቶችህ አውታሩን ሳይነቀንቁ መልቀቅን የሚማሩት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድሜ በፈቃድ ሊያሳድነኝ ጋብዞኛል። በ30 ሜትር ላይ ቀስቶቼን በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ይህ ይበቃኛል?

መልስ፦ ለኢላማ መልካም ነው፤ ለአደን ግን ገና ነው፤ ምክንያቱም ጆንያ አይሰማም፣ አጋዘን ግን ይሰማል። ከዘመናዊ ባለ መዘውር ደጋን የወጣ ቀስት በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ሲጓዝ ድምፅ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በ30 ሜትር ርቀት የአውታሩ ድምፅ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ሲደርስ፣ ቀስቱ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ በላይ ይፈጅበታል፤ በዚህ መካከል የደነገጠ እንስሳ ለመዝለል ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ስለሚል፣ ሳንባውን ያነጣጠረው ቀስት ጀርባውን ይመታል ወይም በላዩ ያልፋል። የሚያዋጣው ርቀቱን ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ማውረድ ነው፤ ይህም የክንድ ሳይሆን የትዕግሥትና የነፋስ ጉዳይ ነው። በቀጭን ጨርቅ የተቋጠረ ደቃቅ አመድ ይያዙ፤ ነካ ሲያደርጉት የሚወጣው ብናኝ ጠረንዎ ወዴት እንደሚሄድ ያሳይዎታል። ወደ እንስሳው የሚሄድ ከሆነ ቦታ ይለውጡ እንጂ አይሞክሩ።

ቀስት እንደ ጥይት በኃይል አይጥልም፤ የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ስለቱ እንደ ምላጭ የተሳለ መሆን አለበት፤ መግባት ያለበትም ሳንባና ልብ ውስጥ ነው። የአፍሪካ አጋዘኖች ልብና ሳንባ ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ታች የተቀመጠ ስለሆነ፣ በጎኑ የቆመውን እንስሳ የፊት እግሩን መሥመር ተከትለው ከደረቱ የታችኛው አንድ ሦስተኛ ላይ ያነጣጥሩ። ጎኑን ሰጥቶ ወይም ፊቱን በመጠኑ ከእርስዎ አዙሮ ካልቆመ፣ ፊት ለፊት የሚያይዎት ከሆነ፣ ወይም ቅርንጫፍ ከጋረደው ቀስትዎን ይመልሱ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ለቀናት የሚሰቃይ እንስሳ የአዳኙ ኃላፊነት ነው። እስከ ጉዞዎ ድረስም በየማለዳው ሳይሟሟቁ አንድ ቀስት ብቻ ይልቀቁ፣ ውጤቱንም ይመዝግቡ፤ በአደን የሚያገኙት ዕድል እሱኑ የሚመስል ነውና።

ጥያቄ፦ ከተመታ በኋላ ሮጦ ቢሰወርስ?

መልስ፦ አይከተሉት። በመጀመሪያ ቀስቱን ፈልገው ደሙን ይመልከቱ። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መከተል ይቻላል። ጠቆር ያለው የጉበት ስለሆነ ጥቂት ሰዓታት ይጠይቃል። አረንጓዴ ነገር ከነሽታው ከታየ ሆድ ተመቷልና ከ8 ሰዓት ያላነሰ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ከተባረረ ርቆ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። የእንጨት ደጋኔን እንዴት ልጠብቀው?

መልስ፦ ሲጨርሱ አውታሩን ይፍቱት፤ ደጋኑንም እሳት ዳር ሳይሆን ነፋሻ ቦታ አጋድመው ያስቀምጡት። ለአውታሩ የንብ ሰም ይበቃል፤ እሱ ደግሞ በአካባቢያችን ሞልቷል። የቀስቱ ላባ ሲረጥብ ስለሚተኛ በዝናብ ቀን ቀስቶችዎን ከእርጥበት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሊሙ አርሶ አደር ነኝ። ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰው። አባቶቻችን የምረንዝ ዛፍ መርዝ የተቀባ ቀስት ይጠቀሙ ነበር ይባላል፤ እኔስ ብሞክር?

መልስ፦ አባቴ፣ ችግርዎ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ግን አደራ አያድርጉት። የምረንዝ መርዝ ልብን የሚያቆም ነው፤ ቀስቱን ሲያሰናዱ ጣትዎን ቢቧጭርዎ ወይም ልጅ አንሥቶ ቢጫወትበት ቤትዎ የሚያለቅሰው ለከርከሮ አይሆንም። ያለ ፈቃድ መግደሉም በሕግ ያስጠይቃል። ጉዳቱን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስመዝግበው መፍትሔ ይጠይቁ። እስከዚያው በጫካው በኩል ያለውን ድንበር በእሾህ አጥር ያጥብቁ፤ እሸቱ ሲደርስም ከጎረቤት ጋር ማማ ሠርታችሁ ሌሊቱን በተራ ጠብቁ፤ ከርከሮው ያልተጠበቀውን ማሳ ስለሚመርጥ አንድ ሰው ብቻውን ቢጠብቅ ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ቀስት ሳልሰካ ደጋኑን ስቤ ብለቀው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ቀስቱ ይዞት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ደጋኑ ስለሚመለስ የደጋኑ ክንድ ሊሰነጠቅ፣ አውታሩም ተበጥሶ ፊትዎን ሊገርፍ ይችላል። ስበው ከሆነ ቀስ ብለው ይመልሱት። የካርቦን ቀስት ካለዎትም ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በሁለት እጅ ያዝ አድርገው በመጠኑ አጥፈው ያዳምጡት፤ ከተንቋቋ ሰብረው ይጣሉት።