ከምንጣፉ ሥር ለተገኘው የኦክ ወለል፦ ማሽን ከመከራየታችሁ በፊት እና በኋላ

ጥያቄውን ላላነበባችሁ፦ ባልና ሚስት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቤት ገዝተዋል። የሳሎኑን ምንጣፍ ጥግ ገለጥ ቢያደርጉ ከሥሩ የኦክ ወለል አገኙ። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩና ሁለቱ መኝታ ቤቶች ተደምረው 700 ስኩዌር ፊት ይሆናሉ። ዕቃ እስኪገባ ሁለት ሳምንት አላቸው፤ ራሳችን እናድሰው ወይስ ባለሙያ እንጥራ ነው የሚሉት።

ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ከአሁን የተሻለ ጊዜም አታገኙም። የወለል መፋቂያ ማሽኑን ግን ገና አትከራዩ። ኪራዩ በሰዓት ወይም በቀን ስለሚቆጠር ሰው ማሽኑን ቤት ካስገባ በኋላ መጣደፍ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ወለሉን ረጋ ብሎ የሚመረምር የለም።

መጀመሪያ የጣውላውን ውፍረት እወቁ። ወለሉ ላይ ያለውን የማሞቂያ አየር ማውጫ ክዳን አንሱና በቀዳዳው በኩል የጣውላውን ጎን ተመልከቱ። በዚያ ዘመን በብዛት የሚገኘው 3/4 ኢንች ውፍረትና 2 1/4 ኢንች ስፋት ያለው ኦክ ነው። ጣውላዎቹ ወንዴና ሴቴ ሆነው ይጋጠማሉ፣ የአንዱ ምላስ (ወንዴው) በሌላው ጎድጓዳ ጎን (ሴቴው) ይገባል፤ ሚስማሩም በጎን ስለሚመታ ከላይ አይታይም። ለእናንተ ዋናው ልኬት ከወንዴው በላይ የቀረው እንጨት ነው። 1/8 ኢንች እንኳ ካልቀረ በትልቅ ማሽን አትንኩት። የጣውላው ጠርዝ እየተሰነጠረ ከሆነ ወይም በመገጣጠሚያው መካከል የሚስማር ራስ ብቅ ብቅ ካለ፣ ወለሉ ከዚህ በፊት ደጋግሞ ተፍቋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጣውላ ላይ ከላይ የተመቱ ሚስማሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታዩ ደግሞ 5/16 ኢንች ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ወለል ሊሆን ይችላል። እሱን ለባለሙያ ስጡት።

ቀጥሎ መርዙ። ቤት ስትገዙ ሊድ (መርዛማ ብረት) ስላለበት ቀለም የፈረማችሁበት ወረቀት አለ፤ ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት ሁሉ ይሰጣል። ዞኮሎው ላይ ያለው የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፤ ወለሉ ራሱ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ሳታስመረምሩ አትጀምሩ። ወጥ ቤቱ ወይም መግቢያው ላይ ባለ 9 በ9 ኢንች ታይልና ከሥሩ ጥቁር ማጣበቂያ ካያችሁ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ያለበት ሊሆን ስለሚችል አትስበሩት፣ አትፋቁትም። ናሙናውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ልጆች ካሉ ይህን ነገር በግምት ማለፍ አይገባም።

ምንጣፉን ከጀርባው በከተር 3 ጫማ በ3 ጫማ እየቆረጣችሁ ጠቅልላችሁ አውጡ። የሚያደክመው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ የተያዘበት ስቴፕል ነው፤ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀና እያደረጋችሁ በፒንሳ ንቀሉ። በግድግዳው ዳር ያለውን ባለ ሚስማር ጣውላ ስታነሡ ከመንቀያው ሥር ቀጭን እንጨት አስደግፉ፤ አለዚያ ኦኩ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ሲጨርሱ በካልሲ በወለሉ ላይ መሄድ ጥሩ ምርመራ ነው፤ የቀረውን ስቴፕል ካልሲው ይይዘዋል። ብቅ ያለ ሚስማር ካለ በሚስማር መስመጫ ከወለሉ በታች 1/8 ኢንች ያህል አስገቡት። አንዲት የተረሳች ሚስማር የማሽኑን የብርጭቆ ወረቀት ቀድዳ ልትጥል፣ እሳትም ልታስነሳ ትችላለች።

አሁን ጨርሶ መፋቅ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ወስኑ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከምንጣፍ ሥር የኖረ ወለል አንዳንዴ ቀለሙ ደነዘዘ እንጂ እንጨቱ አልተነካም። ሁለት ሦስት ቦታ የውሃ ጠብታ አድርጉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ጠብታው ከላይ ቁጭ ካለ ቫርኒሹ አሁንም ይሠራል። ውሃው ከገባና እንጨቱ ከጠቆረ ቫርኒሹ አልቋል። ቀጥሎ ራቅ ባለ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ሚኒራል ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ) አድርጋችሁ አሹ፤ ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ይዞ ከወጣ ሰም ተቀብቷል። ቫርኒሹ ደህና፣ ሰም ደግሞ የሌለው ከሆነ በባፈር (በክብ የወለል ማለስለሻ ማሽን) ቁጥር 120 ወይም 150 መረብ (መረብ መሰል የብርጭቆ ወረቀት) ላዩን ብቻ ሻከር አድርጋችሁ አንድ ወይም ሁለት ዙር መቀባት ይበቃል፤ ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል፣ የእንጨቱም ዕድሜ አይቀነስም። ሰም ያለበት ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ አዲሱ ቫርኒሽ አይይዝም፣ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ጥቁር እድፍ የብዙ ሰው ጭንቀት ነው። ኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከውሃና ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ የአበባ ማሰሮ ሥርና ስቴፕል ዙሪያ የምታዩት ጥቁረት ይህ ነው። በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል። የሚሠራው ግን ቫርኒሹ ከተፋቀ በኋላ ነው። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በመመሪያው መጠን በጥብጣችሁ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ቀቡት። ሲደርቅ በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ ጨርሱ። ሳይታጠብ እንዳትፈገፍጉት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። የውሻና የድመት ሽንት ያጠቆረው በአብዛኛው በአሲድም አይለቅም። እዚያ ላይ ጣውላውን መቀየር ይሻላል፤ ምርጡ መለዋወጫም ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወለል ነው። ዕድሜው፣ ስፋቱና ቀለሙ አንድ ነው፤ ቁም ሳጥኑን በአዲስ እንጨት ሙሉት፣ ማንም አያየውም። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ግን በስቱኮ አትሙሉ። በክረምት ማሞቂያ እንጨቱ ይደርቃል፣ በሜሪላንድ የበጋ እርጥበት መልሶ ያብጣል፤ ስቱኮውም ተፈነቃቅሎ ይወጣል። ስቱኮ ለሚስማር ቀዳዳ ነው።

ግድግዳውንና ጣሪያውን ከመፋቁ በፊት ቀቡ። የፈሰሰውን የግድግዳ ቀለም ማሽኑ ይበላዋል።

ማሽኖቹ ሦስት ናቸው፦ ለሰፊው ድራም ሳንደር፣ ለዳር ለዳሩ ኤጀር፣ ለማጠናቀቂያ ባፈር። ድራሙ ኃይለኛ ነው፤ በርቶ አንድ ቦታ ከቆመ በሰከንድ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ያም በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ማዕበል ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ተራመዱ፣ እየተራመዳችሁ ድራሙን ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ መጨረሻ ላይም ሳትቆሙ አንሡት። በዚያው መስመር ወደ ኋላ ተመለሱና የድራሙን ስፋት ግማሽ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። አቅጣጫው ጣውላው የተዘረጋበት ነው። ልምምዱን አልጋ የሚያርፍበት መኝታ ቤት ውስጥ አድርጉት። እጃችሁን ካላመናችሁት አራት ማዕዘን ያለውን ተንቀጥቃጭ ማሽን ተከራዩ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ወፍራም ቫርኒሽ ላይ ትዕግስት ያስጨርሳል፣ ነገር ግን ወለል አያበላሽም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው።

የብርጭቆ ወረቀቱ ቅደም ተከተል 36፣ 60፣ ከዚያ 80 ወይም 100 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ይሻክራል)። ቫርኒሹ ስስ ከሆነ ከ60 ጀምሩ። ከ36 ወደ 100 መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የ36ቱ ጭረት ግን አይጠፋም፣ ቫርኒሽ ሲቀባበት ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። በእርሳስ ወለሉ ላይ ስስ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ያ ቁጥር አልቋል። ኤጀሩም በየደረጃው ያንኑ ቁጥር ይከተል። በየቁጥሩ መካከል በቫኪዩም ጥረጉ፤ አንዲት የ36 ቅንጣት ከሥር ከቀረች በ80ው ወረቀት ውስጥ ገብታ ትቧጭራለች። ማዕዘኖቹን በእጅ መፋቂያ ጨርሱ። በመጨረሻ ባፈሩን በቁጥር 100 መረብ አሂዱ፤ ድራሙና ኤጀሩ የተገናኙበት ድንበር የሚጠፋው በዚህ ነው። አምፖል መሬት ላይ አስቀምጣችሁ በአግድም ብርሃን ተመልከቱ፤ የኤጀር ክብ ጭረት በጣሪያ መብራት አይታይም። ከ120 በላይ አትሂዱ፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ እንጨት ቀለም በደንብ አይጠጣም።

ሰጋቱራው ላይ ቀልድ የለም። የማሽኑ ከረጢት ሲሶ ሲሞላ ከቤት ውጭ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውስጥ አራግፉት፤ ሌሊቱን ማሽኑ ውስጥ አታሳድሩት። የቫርኒሽ ብናኝ ያለበት ሰጋቱራ ውስጥ ውስጡን ግሎ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይት ነክ ቫርኒሽ የነካ ጨርቅም እንዲሁ፤ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ኤን95 ማስክ አይለያችሁ።

ቫርኒሹን በተመለከተ ከሁለት ሳምንት ጊዜያችሁ ጋር የሚሄደው በውሃ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ነው። በሁለት ሦስት ሰዓት ስለሚደርቅ በቀን ሁለት ዙር ይቻላል፤ ሽታውም ቀላል ነው። በዘይት የሚሠራው ለእንጨቱ የማር ቀለም ይሰጠዋል፣ ብዙ ሰውም መልኩን ይወደዋል። ነገር ግን አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ይፈልጋል፣ ሽታውም ለቀናት ይቆያል፤ እሱን ከመረጣችሁ የጋዝ ምድጃውንና የቦይለሩን እሳት አጥፉ። ቀይ ኦክ ላይ በውሃ የሚሠራው ትንሽ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጣ ያለ መልክ ስለሚሰጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሞክራችሁ ወስኑ። አንድ ጋሎን ወደ 500 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል። ለ700 ስኩዌር ፊት ሦስት ዙር ስትቀቡ ከ4 ጋሎን ትንሽ በላይ ስለሚያስፈልጋችሁ፣ 5 ግዙ።

ቆርቆሮውን አትወዝውዙት፤ አረፋ ይፈጥራል። በእንጨት አማስሉት። ስትቀቡ ማሞቂያውንና ማራገቢያውን አጥፉ፣ ከበሩ ተቃራኒ ጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ ውጡ፣ እርጥቡን ጠርዝ አታድርቁ፤ ደርቆ የተደረበበት ቦታ መስመር ይተዋል። የደረቀ ቦታ ላይ ተመልሳችሁ አትነካኩ። የመጀመሪያው ዙር ሲደርቅ ወለሉ ሻካራ ይሆናል፤ እንጨቱ በውሃው ስላበጠ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። በቁጥር 220 ለስለስ አድርጋችሁ፣ በቫኪዩምና በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ቀጥሉ። ቫርኒሹ እንደ ዓሣ ዓይን እየሸሸ ክብ ክብ ከሠራ፣ ከሥር ሰም ወይም ሲሊኮን ቀርቷል፤ ሌላ ዙር ቢጨመር አያድነውም፣ ያ ቦታ መፋቅ አለበት።

ከመጨረሻው ዙር 24 ሰዓት በኋላ በካልሲ መግባት ትችላላችሁ፤ ዕቃ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ምንጣፍ ከ2 ሳምንት በፊት አይግባ። ማቀዝቀዣውን አትጎትቱት፣ ተሸክማችሁ አስገቡት። የወንበሩም የረከቦቱም እግር ሥር ፌልት (ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ) ለጥፉ።

ለቤት ምርቃቱ ቄጤማ መጎዝጎዛችሁ አይቀርም። እርጥብ ቄጤማ ሌሊቱን ኦክ ላይ ካደረ በመገጣጠሚያው ውሃ ያስገባል፣ ያ ጥቁር እድፍም ይመለሳል፤ እንግዳ እንደሄደ ጥረጉት፣ ወይም መግቢያው ታይል ላይ ብቻ ጎዝጉዙ። የከሰል ምድጃውን ደግሞ በቀጥታም በትሪም እንጨቱ ላይ አታስቀምጡ፤ የትሪው ሙቀት ብቻውን ቫርኒሹን ያነጣዋል። ከሥሩ ወፍራም የሴራሚክ ታይል ይኑር።