አንበሶቹን ያስቀመጣቸው የሥጋው አቀላለጥ ይመስለኛል

ወንድሜ ጥያቄህን አንብቤዋለሁ፣ የምትጠብቃቸው አንበሶች ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ሰገራቸው ቀጥኖ ንፍጥ እየቀላቀለ ነው፣ አንዷ ደግሞ ሥጋውን አሽትታ ትታው ትሄዳለች፣ "ምግባቸው ግን ያው ነው" ብለሃል። እኔን የያዘኝ ግን በመሀል ጣል ያደረካት ነገር ናት፣ የዶሮ ሥጋው ጠዋት ከፍሪዘር ወጥቶ ማታ ነው የሚሰጣቸው ያልከው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ትል ምናምን ሳይሆን ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው፣ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል።

ፍሪዘር ሳልሞኔላን አይገድልም፣ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ። ቀኑን ሙሉ ውጪ የዋለ ሥጋ መሀሉ ገና ድንጋይ ሆኖ ላዩ ሞቆ ለስልሷል፣ ትሪው ላይ ደም የመሰለ ውሃ አቁሯል፣ ባክቴሪያው የሚራባው እዛ ላይ ነው። አንበሳ ጥሬ ስለሚበላ ምንም አይነካውም የሚሉህን አትስማ፣ ጤነኛ መስሎ በሰገራው እያወጣ የሚኖር አለ፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ይታመማል፣ ደቦልና ያረጀ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል።

ከዛሬ ጀምረህ ለነገ የሚሆነውን ብቻ አውጣና ክዳን ባለው ጎድጓዳ እቃ አድርገህ ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድረው፣ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይ ከዛ በታች ይሁን። ትልልቁ ቶሎ ስለማይቀልጥ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት አነስ አነስ አድርገህ ቁረጠው። ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ከጠፋ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጥብቅ አርገህ አስረህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይር፣ እንደቀለጠ ወዲያው ስጥ። ትርፉን እዛው ሳታሳድር አንሳ፣ መልሰህ ፍሪዘር እንዳትከት። ቢላውንና እቃውን መጀመሪያ በሳሙና እጠብ፣ ከዛ ነው በረኪና፣ ስቡና ደሙ ካልለቀቀ በረኪናው ብቻውን አይሰራም።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ፣ አንተም አሰብኩ ያልከውን አንቲባዮቲክ ሥጋው ላይ በትኖ መስጠት እባካችሁ ተዉት፣ ሁሌ ነው የማየው። ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይጨርሳል፣ መድሃኒት የለመደ ሳልሞኔላም ያተርፍላችኋል። መድሃኒቱን የእንስሳት ሐኪሙ ይወስን። ደም ካየህ፣ ካስመለሳቸው ወይ ያቺ ሥጋ የተወችው ነገም ካልበላች ሳትውል ሳታድር ጥራው። ባክቴሪያው በየቀኑ ሰገራ ላይ ላይገኝ ስለሚችል የሦስት የተለያዩ ቀናት ናሙና ቢመረመር ጥሩ ነው። ናሙናውን ስታነሳ ጓንት አድርግ፣ እጅህንም በሳሙና ታጠብ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።