ቮልቱ አለ፣ አምፖሉ ግን አይበራም

«ጋሼ፣ የምሠራው ቢራ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ነው። ባክቴሪያ ፍሳሽ እያጸዳ ኤሌክትሪክ ይሰጣል ሲባል ሰምቼ በሁለት ባልዲ ሞከርኩ። ከታች ዝቃጭ፣ ከላይ ፍሳሽ። አንዱን የካርቦን ፌልት (ከካርቦን ክር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ዝቃጩ ውስጥ ቀበርኩት፣ ሌላውን ላይ አንሳፈፍኩት። ያገናኘሁት በመዳብ ሽቦ ነው። በየጠዋቱ አማስለዋለሁ። ቴስተር በየባልዲው 0.6 ቮልት ያሳያል። ሁለቱን በተከታታይ ቀጥዬ ትንሿን ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ሳገናኝ ግን አትበራም፣ ቮልቱም ይወርዳል። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ማማሰሉን ዛሬውኑ አቁም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከምግባቸው ያወጡትን ኤሌክትሮን ለካርቦኑ የሚያስረክቡት ኦክስጅን ሲያጡ ነው። ባማሰልክ ቁጥር አየር ታስገባለህ። ኦክስጅን ካገኙ ደግሞ ኤሌክትሮኑን ለእሱ ይሰጡታል፣ ለሽቦህ አይተርፍም። አየር የሚያስፈልገው ላይ ለተንሳፈፈው ፌልት ብቻ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን መዳቡ ነው። ራቁቱን ፍሳሽ የነካ መዳብ ይበላል፤ የሚሟሟውም ባክቴሪያውን ይመርዛል። ከምታነበው ቮልት የተወሰነው የባክቴሪያ ሳይሆን የብረቱ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ሦስተኛ ባልዲ አዘጋጅ፦ ያው ፌልት፣ ያው ሽቦ፣ ግን ዝቃጭ የሌለበት ጨው ውሃ። እዚያም ቮልት ካነበብክ ነገሩ ገብቶሃል። በመዳቡ ቦታ የማይዝግ ብረት ሽቦ ተጠቀም። ካጣህ ርካሽ የባትሪ ድንጋይ ፈልቅቀህ መሃሉ ላይ ያለውን የካርቦን ዘንግ አውጣ፣ ጥቁሩን ዱቄት በደንብ እጠብለት። አልካላይን የሚባለው ውስጥ ዘንጉ የለም።

አሁን ወደ አምፖሏ እንምጣ። ምንም ሳይያያዝ የተነበበ 0.6 ቮልት ጉልበት አያሳይም። በየባልዲው የ1,000 ኦም ሪዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አያይዝና ሌት ተቀን ይቆይ። ኤሌክትሮን መሄጃ ሲያገኝ ነው ካርቦኑ ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች የሚበዙት፤ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በሪዚስታንሱ ላይ 0.4 ቮልት ብታነብ ጉልበቱ 0.16 ሚሊዋት ነው። ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት አካባቢ ትፈልጋለች፣ ሁለት ባልዲ አይደርስላትም። ባልዲ እየጨመርክ በተከታታይ ብትቀጥል ደግሞ የደከመው ባልዲ ፖላሪቲው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) ይገለበጥና ሌሎቹን ይጎትታል። በትይዩ አገናኛቸው፣ በቮልት ማሳደጊያ ሰርኪት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሙላ፣ አምፖሏ በየተወሰነ ጊዜ ብልጭ ትላለች።

ሁለቱን ፌልቶችም አቀራርባቸው፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃል። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አውስትራሊያ ያታላ በሚገኘው የፎስተርስ ቢራ ፋብሪካ 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሙከራ ሲተክሉ፣ ካስቸገሯቸው ነገሮች አንዱ የቢራ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ በደንብ አለማስተላለፉ ነበር።

አለቆችህን በኤሌክትሪኩ ለማሳመን አትሞክር። ፋብሪካ ለሚያክል ጉልበት ዛሬ የሚያዋጣው ከፍሳሹ ሚቴን አውጥቶ ጄኔሬተር ማዞር ነው። አንተ የፍሳሹን ሲኦዲ (ቆሻሻውን ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን፣ የብክለት መለኪያ ነው) ሲገባና ሲወጣ ለካ። ከ1,000 ኦሙ ንባብ ጋር በየቀኑ መዝግበህ በወሩ ላክልኝ።