ሳናውቀው የተፈረደ የፍጥነት ቅጣት፦ ከመክፈልዎ በፊት ምን ማድረግ ይገባል?

ለጠያቂዋ እህታችን፣

ባለፈው ዓመት ከለንደን ወደ ሌስተር ቤት እንደቀየሩና በቀድሞ ቤትዎ የገቡት ተከራዮች ያጠራቀሙትን ደብዳቤ ሰሞኑን እንዳስረከቡዎት ጽፈዋል። ከመካከሉ አንዱ ከማጅስትሬትስ ኮርት (ቀለል ያሉ ወንጀሎችን ከሚያየው ፍርድ ቤት) የመጣ ሆኖ፣ 660 ፓውንድ ቅጣት፣ 264 ፓውንድ ሰርቻርጅ (በቅጣቱ ላይ የሚታከል ክፍያ)ና በተጨማሪ የዓቃቤ ሕግ ወጪ እንዲከፍሉ፣ መንጃ ፈቃድዎም ላይ 6 ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) እንደተመዘገበ ይገልጻል። «ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋዩ) ቤቴ ድረስ ከመምጣቱ በፊት ከፍዬ ልገላገል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ብለው ጠይቀዋል። ሌላ መንገድ አለ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን የተቀጡት በምን ጥፋት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ለይተው ይወቁ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት የተቀጡት በፍጥነት ሳይሆን ለደብዳቤ መልስ ባለመስጠት ነው።

ይህን የምለው ታናሽ ወንድሜ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስበት ፍርድ ቤት ድረስ አብሬው ሄጄ ስላየሁ ነው። ከዚያ ወዲህም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ ወገኖችን ወረቀት አብሬ አነባለሁ። የምጽፈው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ብቻ ነው፤ የስኮትላንድ ሥርዓት የተለየ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ይህን እንዳትከተሉ አደራ እላለሁ።

ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። ካሜራው የመኪናውን ታርጋ ሲይዝ ፖሊስ ሾፌሩ ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ መኪናው በዲቪኤልኤ (መኪናና መንጃ ፈቃድ በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) በማን ስም እንደተመዘገበ አይቶ፣ በዚያ መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ በ14 ቀን ውስጥ የሚደርስ ማስታወቂያ ይልካል። ማስታወቂያው ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ሊከሰሱ እንደሚችሉ የሚገልጽ ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ሰዓት መኪናውን ማን ይነዳ እንደነበር በ28 ቀን ውስጥ ፈርመው እንዲመልሱ የሚያዝዝ ነው። መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ከፍጥነቱ የተለየ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል። ይህም በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ክፍል 172 የሚለው ነው። ቅጣቱ ከፍጥነቱ ይከብዳል፤ 6 ፖይንትና እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ መቀጮ ያስከትላል፤ መንጃ ፈቃድ ላይም ኤምኤስ 90 በሚል ኮድ ይመዘገባል። መጠነኛ ለሆነ የፍጥነት ጥፋት በጊዜው መልስ የሰጠ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው 100 ፓውንድና 3 ፖይንት ነው፤ አለዚያም ያለ ፖይንት የግማሽ ቀን የፍጥነት ኮርስ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። የእርስዎ ወረቀት 6 ፖይንት ማለቱ ነው ጉዳዩ ክፍል 172 ነው ያሰኘኝ።

660 የሚለው ቁጥርም ይህንኑ ያጠናክራል። ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ፣ ገቢውንም ሳያሳውቅ ሲቀር ፍርድ ቤቱ በሳምንት 440 ፓውንድ ያገኛል ብሎ ይገምታል። የክፍል 172 ቅጣት የሚነሣው ከሳምንት ገቢ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሆነ 660 ይመጣል፤ ሰርቻርጁም የዚያ 40 በመቶ ስለሆነ 264 ይሆናል። ስለዚህ ዳኛው ስለ እርስዎ ምንም ሳያውቅ፣ ሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር በሚባለው አሠራር፣ ችሎት ሳይቀመጥ በወረቀት ብቻ የወሰነው ፍርድ ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ የሚገፉ እናቶች ይህን ያህል ገንዘብ ከልጆቻቸው ወጪ ላይ ቀንሰው፣ ሳይጠይቁ ሲከፍሉ አይቻለሁ። ይህን መልስ ያስረዘምኩትም ስለዚህ ነው።

መፍትሔው ስታቹተሪ ዲክላሬሽን ይባላል፤ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ መከሰስዎን እንዳላወቁ በመሐላ የሚያረጋግጡበት ቃል ነው። በሥርዓቱ ከቀረበ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ፖይንቱም ይነሣል፣ መቀጮውም መሰብሰቡ ይቆማል፤ ክሱ ግን ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። የጊዜ ገደቡ ስለ ፍርዱ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን አይደለም፤ ተከራዮቹ ያስረከቡዎትና ከፍተው ያነበቡት ቀን ነው። ያን ቀን ዛሬውኑ በማስታወሻ ይጻፉ፤ ከተከራዮቹ ጋር የተላላኩት የስልክ መልእክት ካለም እንዳይጠፋ ያድርጉ። ገደቡ ቢያልፍም ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካየ ሊቀበል ይችላል፤ ግን በዚያ ተማምነው አይዘግዩ። ሳይውሉ ሳያድሩ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለው፣ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሰው፣ ስታቹተሪ ዲክላሬሽን ለመስጠት እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው፤ ቀጠሮ ይሰጡዎታል። ፍርድ ቤት ቀርቦ መማል ክፍያ የለውም፤ ሶሊሲተር (የሕግ ጠበቃ) ፊት መማልም ይቻላል፣ የሚያስከፍሉትም አነስተኛ ነው። ጉዳዩ ቤይሊፍ እጅ ገብቶ ከሆነ የቀጠሮውን ማስረጃ፣ በኋላም ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይላኩላቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መቀመጥ ግን ወጪ ላይ ወጪ ይጨምራል።

ወንድሜ የቀረበ ዕለት ትንሽ ክፍል ውስጥ የፍርድ ቤቱ የሕግ አማካሪ ነበረች የተቀበለችን። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብባ ጣቷን ያሳረፈችው ስለ ፍርዱ ያወቀበትን ቀን በሚጠይቀው መስመር ላይ ነበር፤ እሱ «ባለፈው ወር» ብሎ ሞልቶት ስለነበር ቀኑን ለይቶ እንዲጽፍ መለሰችለት። ከዚያ በዚያን ጊዜ የት ይኖር እንደነበር ጠየቀችው፤ የአዲሱን ቤት የኪራይ ውልና የካውንስል ታክስ ደብዳቤ አሳያት። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ፤ ቁርኣን መያዝም፣ ያለ መጽሐፍ በክብር ቃል ማረጋገጥም ይቻላል። ቅጹ ማኅተም ተመቶበት ቅጂው ተሰጠው፤ ወዲያው ደግሞ ችሎት ገብቶ ክሱ እንደ አዲስ ተነበበለት። ስለዚህ በዚያው ዕለት «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቦበት መሄድ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው።

ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ደብዳቤው ላይ የክሱን ዝርዝር ደጋግመው ያንብቡ። ክሶቹ ሁለት ከሆኑ፣ ማለትም ፍጥነቱም ክፍል 172ም ካሉበት፣ መኪናውን የነዱት እርስዎ እስከሆኑ ድረስ የፍጥነቱን ጥፋት አምነው ዓቃቤ ሕጉ ሌላውን እንዲተው መጠየቅ የተለመደ አሠራር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይስማማሉ። ወንድሜ በዚህ መንገድ 6 ፖይንቱ ወደ 3 ወርዶለት፣ ቅጣቱም በእውነተኛ ገቢው ተሰልቶለት ወጥቷል። ክፍል 172 ብቻ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። ያኔ መልስ መስጠት በተጨባጭ እንዳልተቻለዎት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል፤ ዳኛውም በመጀመሪያ የሚጠይቀው አድራሻዎን ለዲቪኤልኤ አሳውቀው እንደነበር ነው። አሳውቀው ከነበረ የኢሜይል ማረጋገጫውን፣ ደብዳቤ በሮያል ሜይል ወደ አዲሱ ቤት እንዲዞር ከፍለው ከነበረም ደረሰኙን ይዘው ይቅረቡ። ካላሳወቁ ማሸነፍ ከባድ መሆኑን አልደብቅዎትም፤ ያም ሆኖ ቢያንስ ገቢዎ ታውቆ ቅጣቱ እንደገና ስለሚሰላ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ወደዚህ ክርክር ከመግባትዎ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለውን ነጻ የምክር ድርጅት ወይም የትራፊክ ጉዳይ የሚያውቅ ሶሊሲተር ያማክሩ።

በጥያቄዎ ሥር አንዳንድ አስተያየት ሰጪዎች «ባለቤትሽ ነበር የሚነዳው በይ፣ እሱ ፖይንት የለበትም» ብለዋል። ይህን ፈጽሞ እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። ሚኒስትር የነበረው ክሪስ ሁን በ2003 ያጠፋውን የፍጥነት ፖይንት የያኔዋ ባለቤቱ ቪኪ ፕራይስ ስለወሰደችለት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2013 ሁለቱም የ8 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ሐሰተኛ መሐላም እንዲሁ የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ያወቁበትን ቀን አንድ ቀን እንኳ ወደፊት አይግፉ።

መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሁለት ዓመት ካልሞላዎት ጉዳዩ የበለጠ አስቸኳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 6 ፖይንት የደረሰበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዝና ቲዎሪውንም የመንዳት ፈተናውንም እንደገና ይወስዳል። ለቆየ ነጂ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ፖይንት ከሞላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ይታገዳል። ኤምኤስ 90 ለአራት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ኢንሹራንሶችም በክፉ ዓይን ስለሚያዩት የዓመት ክፍያዎ ከቅጣቱ በላይ ሊጨምር ይችላል። በሚኒካብ ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ይህን በቀላሉ እንዳያዩት።

አድራሻን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ዲቪኤልኤ ዘንድ መዝገቡ ሁለት ነው፤ አንዱ የመንጃ ፈቃድዎ፣ ሌላው ሎግቡክ የምንለው የመኪናው ቪ 5 ሲ ነው። አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም፤ ፖሊስ የሚጽፈው ደግሞ ሎግቡኩ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ሁለቱም በኢንተርኔት በነጻ ይቀየራሉ፤ አለማሳወቅ ግን እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። እዚያው ድረ ገጽ ላይ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርዎን፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርዎንና ፖስትኮድዎን አስገብተው ያለብዎትን ፖይንት ማየት ስለሚችሉ፣ ሌላ ያልደረሰዎት ክስ መኖር አለመኖሩን ከቀጠሮዎ በፊት ይመልከቱ። የሚቀበልዎት የቀድሞውን ፖስትኮድ ከሆነ አድራሻዎ እስካሁን አልተቀየረም ማለት ነው፤ ያኔውኑ ይቀይሩት። የመመለሻ ጊዜው ያላለፈ ሌላ ማስታወቂያ ከደረሰዎትም መልሱን ከመላክዎ በፊት መፈረምዎን ያረጋግጡ፤ ያልተፈረመ ቅጽ እንዳልተመለሰ ነው የሚቆጠረው።

ስምዎንና የመዝገብ ቁጥሩን ሸፍነው የክሱን ገጽ ብቻ እዚህ ቢለጥፉት፣ ክሱ አንድ ይሁን ሁለት አብረን እናየዋለን።